የቀርጤስ ታቬርናዎች፤ ሰሌዳውን ትቶ ድስቱን ማየት

ሰው ወደ እንግዳ አገር ሲሄድ ስለ ማደሪያው፣ ስለ መንገዱና ስለ ተላከበት ጉዳይ አስቀድሞ ብዙ ያስባል፤ ስለ ምግቡ ግን «ከደረስኩ በኋላ አይጠፋም» ብሎ ይተወዋል። እርግጥ ነው፤ አይጠፋም። ነገር ግን የሚገኘው ሁሉ አንድ አይደለም። የአንድን አገር ሕዝብ ጠባይ፣ የመሬቱን ልማትና ያለፈበትን መከራ ከማእዱ ላይ ቶሎ ለመረዳት ይቻላል፤ ማእዱን የሳተ እንግዳም አገሩን በግማሽ እንደ ሳተ ሊቈጠር ይገባዋል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ ቀርጤስ ደሴት ታቬርናዎች ነው። ቀርጤስ የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሐዋርያው ጳውሎስ የባሕር ጉዞና ለቲቶ ከጻፈው መልእክት ነው። በዘመናችን ደግሞ ደሴቲቱ በዩኒቨርሲቲዋ፣ በምርምር ተቋሞቿና በሃኒያ ከተማ በሚገኘው የሜዲትራኒያን የእርሻ ትምህርት ተቋም ምክንያት ከብዙ አገር ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች የሚመላለሱባት ስፍራ ሆናለች። ለትምህርት ወይም ለስብሰባ የሚላክ ወጣት አንድ ቀን እዚያ ሊደርስ ይችላልና፣ አስቀድሞ አንዳንድ ነገር ማወቁ ይጠቅመዋል። ለማይሄደውም ቢሆን ነገሩ ትምህርት አለው።

ወደብ ላይ የሚወርድ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው በመብራት ያጌጠ ሰሌዳ፣ በአምስትና በስድስት ቋንቋ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ምግብ ፎቶግራፍና በር ላይ ቆሞ «ኑ ግቡ» የሚል ጠሪ ነው። ባሕሩ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ወንበሩም ያማረ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ስፍራ ነው። በቀርጤስ መልካም ማእድ የሚገኘው ሰሌዳው በደመቀበት ሳይሆን ድስቱ በዚያው ቀን ጧት በተጣደበት ቤት ነው። ይህን ለመለየትም ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ዕውቀትና ጥቂት የእግር መንገድ ይበቃል።

አገሩና ማእዱ

ቀርጤስ ከግሪክ ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ስትሆን ስፋቷ 8,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ግን በጠባቡ በኩል ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ተራሮቿ በመካከሏ እንደ ጀርባ አጥንት ተዘርግተዋል፤ ከእነዚህም ከፍተኛው ፕሲሎሪቲስ የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 2,456 ሜትር ነው። ስለዚህ ጧት ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ከእረኞች መንደር ሊደርስ ይችላል።

የደሴቲቱም ማእድ የተወለደው ከዚሁ አቀማመጥ ነው። በዝቅተኛው አገር ወይራና ወይን፣ በሜዳው አትክልት፣ በተራራው በግና ፍየል፣ በዳርቻው ዓሣ ይገኛል። በምዕራብ በኩል አኖ ቩቬስ በምትባል መንደር ያለችው የወይራ ዛፍ ዕድሜዋ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ዛሬም ታፈራለች። ገዢዎችም ተፈራርቀዋል። ቬኒስያውያን ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1669፣ ከዚያም የኦቶማን ቱርኮች እስከ 1898 ገዝተዋታል፤ ከግሪክ ጋራ የተዋሐደችው በ1913 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ገዢው በተለወጠ ቍጥር ግብር ተቀባዩ ተለወጠ እንጂ ገበሬው የሚበላው ከደጁና ከጓሮው ያገኘውን ነበር።

ታቬርና ምንድን ነው?

ታቬርና የሚለው ቃል የመጣው «ታቤርና» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ይኸውም ሱቅ ወይም የመንገደኛ ማረፊያ ማለት ነበር። ሰው ወደ ታቬርና የሚገባው ለመብላት ብቻ ሳይሆን ለመጫወትም ስለ ሆነ፣ በአገራችን ካለው ጠጅ ቤት ጋራ የሚመሳሰልበት ነገር አለው። ብዙውን ጊዜ ቤቱ የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ እናት ድስቱን ትጠብቃለች፣ አባት ሥጋውን ይጠብሳል ወይም ሒሳብ ይይዛል፣ ልጆቹ ያሳልፋሉ።

ነገር ግን እንግዳው ስሙን ብቻ አይቶ እንዳይሳሳት ልዩነቱን ማወቅ አለበት። «ፕሳሮታቬርና» የተባለ እንደ ሆነ የዓሣ ቤት ማለት ነው። «ማዪሪዮ» የሚባለው ደግሞ በድስትና በምድጃ የተሠራ ምግብ ለቀን ሠራተኛ፣ ለነጋዴና ለጸሓፊ በምሳ ሰዓት የሚቀርብበት ቤት ነው፤ ለተማሪ ኪስ ከሁሉ የሚስማማውም ይኸው ነው። «ካፌኒዮ» የመንደር ሽማግሌዎች ቡና እየጠጡና ጠረጴዛ እየተጫወቱ የሚውሉበት ሲሆን፣ ራኪ ላዘዘ ሰው ወይራ ፍሬ፣ ቲማቲም፣ አይብ ወይም የተቀቀለ ድንች በትንንሽ ሳሕን ይቀርብለታል። በመንደር ውስጥ ሌላ ምግብ ቤት ባይገኝ እንኳ ካፌኒዮ አይጠፋም።

የድኻ ምግብ እንዴት ስመ ጥር ሆነ?

የቀርጤስ ምግብ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚወራለት ቢሆንም፣ ታሪኩን ጠለቅ ብሎ ላየ ሰው የሚያስገርም ነገር አለበት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የግሪክ መንግሥት ስለ ደሴቲቱ ልማት ምክር በፈለገ ጊዜ፣ የሮክፌለር ድርጅት በ1948 ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ላከ። የጥናቱ መሪ ሌላንድ ኦልቦው ውጤቱን በ1953 በመጽሐፍ አወጣ። በጥናቱ የተገለጸው የሕዝቡ ምግብ በብዛት ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ ጥራጥሬ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ሲሆን ሥጋ እጅግ ጥቂት ነበር። ሰዎቹ ስለ ምግባቸው ሲጠየቁ አብዛኞቹ አልረካንም አሉ፤ ከሁሉ አብልጠው የሚመኙትም ሥጋ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው የምግብ ሳይንስ ሊቅ አንሴል ኪስ ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች ስለ ልብ ሕመም ጥናት ሲያደርግ፣ ከግሪክ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ ቀርጤስ ሆነ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆኑ ወንዶች ተመርምረው ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። በልብ ሕመም የሞቱት የቀርጤስ ሰዎች ከፊንላንድና ከአሜሪካ ሰዎች ጋራ ሲወዳደሩ እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ድኻው ገበሬ ሳይወድ የበላው ምግብ የሐኪሞች ምክር ሆነ። በ2010ም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሜዲትራኒያንን አመጋገብ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዘገበው፤ ግሪክም ካስመዘገቡት አገሮች አንዷ ነበረች።

እርግጥ የጤናቸውን ምክንያት ሁሉ ለዘይትና ለቅጠል ብቻ መስጠት አይገባም። የዚያን ጊዜው ገበሬ ብዙ መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሥራውም ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ የተገለበጠው ከዚህ በኋላ ነው። ዓለም ይህን ምግብ ሲያደንቅ የቀርጤስ ሰው የተመኘውን ሥጋ አገኘ። የፋብሪካ ምግብና ጣፋጭ መጠጥም ተከተለ፤ መኪናውም እግሩን አሳረፈው። ዛሬ የግሪክ ሕፃናት ውፍረት ከሚበዛባቸው የአውሮፓ ሕፃናት መካከል ይቈጠራሉ። ስለዚህ የድሮው ማእድ ከብዙ ቤት ሲወጣ ከቀሩለት መጠጊያዎች አንዱ የመንደር ታቬርና ሆኗል። እኛም ስለ ታቬርናው የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

የት ይበላል?

አብዛኛው እንግዳ የሚገባው በሄራክሊዮን ከተማ ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምር። በከተማው መካከል በ1628 የተሠራው የአንበሶች ምንጭ አለ። ከእርሱ ወደ ደቡብ የሚሄደው የገበያ መንገድ «የ1866 ጐዳና» ይባላል፤ ስሙም በቱርክ አገዛዝ ላይ በዚያ ዓመት የተነሣውን ዐመፅ ለማስታወስ የተሰጠ ነው። ድሮ የሥጋና የአትክልት ገበያ የነበረው ይህ መንገድ ዛሬ ለአገር ጐብኚ የሚሸጥ ብዙ ዕቃ ገብቶበታል። ቢሆንም በጐንና በጐኑ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ የድስት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ። ጊዜ የሌለው ተሰብሳቢ ከስብሰባው አዳራሽ ወጥቶ ምሳውን እዚህ ቢበላ፣ በወደቡ ላይ ከሚከፍለው ባነሰ ዋጋ የተሻለ ያገኛል።

ግማሽ ቀን ያለው ሰው ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አርኻኔስን ይይ። ዩክታስ በሚባለው ተራራ ሥር በወይን ተክል የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። አሮጌ ቤቶቿ ታድሰው በየቀለማቸው ያምራሉ፤ በአደባባዩ ዙሪያም ታቬርናዎች አሉ። እሑድ በምሳ ሰዓት የከተማው ሰው ልጆቹንና አያቶቹን ይዞ ወደ እንዲህ ያለው ስፍራ ይወጣል፤ አንድ ረዥም ጠረጴዛ ከበው ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲቀመጡ ማየት ራሱ የአገሩን ቤተ ሰብ ሥርዓት ያስተምራል። ከዚያ በደቡብ ምዕራብ በኩል ራቅ ብላ የምትገኘው ዛሮስ ደግሞ በምንጭ ውሃዋ የታወቀች ናት። በቀዝቃዛው ውሃ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያረባሉ፤ ታቬርናዎቹም ከገንዳው አውጥተው ይጠብሱታል። ከባሕር ርቆ በተራራ ሥር ትኩስ ዓሣ መብላት የሚቻለው በዚህ ነው።

ሥጋ የሚወድ ሰው ወደ አኖያ ይውጣ። ይህች የእረኞች መንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኦገስት 1944 የጀርመን ጦር ለአርበኞች መጠጊያ ሆናለች ብሎ አቃጥሎ አፈራረሳት፤ ዛሬ ያለችው ከፍርስራሿ ላይ የተሠራችው ናት። በዚህች መንደር የታወቀው ምግብ «አንዲክሪስቶ» ይባላል፤ «ፊት ለፊት» ማለት ነው። የጠቦቱ ሥጋ በትልልቁ ተቈርጦ ጨው ብቻ ይነሰነስበትና በረዥም ዘንግ ተሰክቶ በእሳቱ ዙሪያ ይቆማል እንጂ ከእሳቱ በላይ አይደረግም። ፊት ለፊት እየተያየ ለብዙ ሰዓት በወላፈኑ ብቻ ይበስላል። ቅመምም ሆነ ማጣፈጫ የለውም፤ ቅመሙ በጉ በተራራ ላይ የበላው ጦስኝና ሌላው ሣር ነው ይላሉ። ይህ ምግብ ጊዜ ስለሚፈልግ የቸኮለ እንግዳ አይሂድበት።

ከሬቲምኖ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ አርጊሩፖሊን ያገኛል። በጥንት ዘመን ላፓ ትባል የነበረችው ከተማ በዚህ ስፍራ ነበረች። ከመንደሩ በታች ምንጮች ከዐለት ውስጥ እየፈለቁ ይወርዳሉ፤ ታቬርናዎቹም በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በውሃው አጠገብ ተሠርተዋል። በበጋ ሐሩር ጊዜ ይህን የመሰለ ዕረፍት በደሴቲቱ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

በሃኒያ የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በገደል መካከል ተጕዘው የሚደርሱባትን ቴሪሶን ማወቅ ይገባቸዋል። ኋላ የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ በ1905 ቀርጤስ ከግሪክ ጋራ እንድትዋሐድ ዐመፅ ያነሣው በዚህች መንደር ነው። የጠቦትና የፍየል ሥጋ በምድጃ የሚያቀርቡ ታቬርናዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ የታሪክ ትምህርትና ምሳ በአንድ ቀን ይገኛሉ ማለት ነው።

ተራራውን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ስፋኪያ አለች። በ1941 የሜይ ወር መጨረሻ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች ከጀርመን ጦር ሸሽተው በመርከብ የወጡት ከዚህ ዳርቻ ነበር። በዚህ የሚቀርበው «የስፋኪያ ፒታ» አይብ በውስጡ ተዳምጦ በመጥበሻ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ትኩሱን ማር ያፈሱበታል። ዓሣ ለሚፈልግ ደግሞ በምሥራቅ በላሲቲ አውራጃ ያለችውን ሞኽሎስን እንጠቁማለን። ይህች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ከፊት ለፊቷ ደሴት አላት፤ በ1908 አሜሪካዊው ሪቻርድ ሲገር የጥንት ሚኖአውያንን መቃብሮች የቈፈረው በዚያ ነው። ታቬርናዎቿ ከውሃው ጫፍ ላይ ናቸው፤ እንደ ትልልቆቹ ወደቦች ግን ጠሪና ግርግር የለባቸውም።

ምን ይታዘዛል?

ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ዛሬ ምን አበሰላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። በብዙ የመንደር ታቬርና እንግዳው ወደ ወጥ ቤት ገብቶ የድስቱን ክዳን አስከፍቶ ቢያይ ነውር የለውም፤ የቈየ ልማድ ነው። ባለቤቲቱም ደስ ይላታል።

ወራቱን ማወቅም ይረዳል። በክረምትና በጸደይ ከዝናብ በኋላ ከሜዳ የሚለቀመው የዱር ቅጠል «ሆርታ» ይባላል፤ ተቀቅሎ በወይራ ዘይትና በሎሚ ይቀርባል። ጐመን የለመደ ሰው አይቸገርበትም። በበጋ ቲማቲም፣ ባሚያ፣ ደበርጃንና ዱባ በዘይት ይሠራሉ። በመኸር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቀንድ አውጣ ይለቀማል፤ በጨው ላይ ተገልብጦ ከተጠበሰ በኋላ የጥብስ ቅጠልና አቼቶ ይጨመርበታል። ይህ ለእኛ ሰው ሆድ የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን፤ ማንም አያስገድድም፤ ነገር ግን በባለቤቱ ፊት ፊትን ማጨፍገግ አይገባም። ያው መኸር የራኪም ወቅት ነው። ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ገለፈትና ዘር በኦክቶበርና በኖቬምበር አረቄ ይወጣል፤ በጋኑም ዙሪያ ጐረቤት ተሰብስቦ ድንችና ሥጋ እየጠበሰ ይጫወታል።

በዓመቱ ሁሉ የማይጠፋው «ዳኮስ» ነው። እንደ ድርቆሽ እንዲቈይ ሁለት ጊዜ የተጋገረ የገብስ ዳቦ በውሃ ረጠብ ይደረግና የተፈጨ ቲማቲም፣ አይብና ብዙ የወይራ ዘይት ይጨመርበታል። አይቡ «ሚዚትራ» ይባላል፤ ሲታይ የእኛን አይብ ይመስላል። በሠርግ ጊዜ የሚሠራው «ጋሞፒላፎ» በፍየልና በአውራ ዶሮ መረቅ የተቀቀለ ሩዝ ሲሆን፣ በአንዳንድ ታቬርና እሑድ ቀን ይገኛል።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ጾመኞች ስለ ሆኑ ይህም ሊነገር ይገባል። የቀርጤስ ሕዝብ በብዛት ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና የፍልሰታ ጾም በእነርሱም ዘንድ አሉ። የጾም ምግብ «ኒስቲሲማ» ስለሚባል ይህን አንድ ቃል ያወቀ ጾመኛ አይራብም። የምስር ወጣቸው፣ የባቄላቸው፣ ከቢጫ ክክ የሚሠራው «ፋቫ» የተባለው ገንፎ መሰል ምግብ በበርበሬ ፋንታ ሽንኩርትና ዘይት የገባባቸው የእኛው ምግቦች ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እነርሱ ዓሣን በጾም ሲከለክሉ ኦክቶፐስን፣ ካላማሪንና ሽሪምፕን ግን ደም የላቸውም ብለው ይፈቅዳሉ። ስለዚህ የጾም ምግብ ሲባል እነዚህ ቢቀርቡ ያሳላፊው ስሕተት አይደለም፤ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ሥርዓቱና ሒሳቡ

ጊዜን ማወቅ የመጀመሪያው ነው። የአገሩ ሰው ምሳውን የሚበላው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ እራቱን ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወዲያ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ለእራት የሚቀመጥ ሰው ጐረቤቶቹ እንደርሱ ያሉ እንግዶች ብቻ ይሆናሉ። ምግብም ለየሰው አይታዘዝም፤ ልዩ ልዩ ሳሕን በመካከል ይደረግና ሁሉም ከዚያው ያነሣል። በአንድ ገበታ መብላት ለለመደ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልግም።

ዓሣ የሚሸጠው በኪሎ ነው። እንግዳው ራሱ መርጦ በፊቱ ማስመዘን፣ ዋጋውንም ከመጠበሱ በፊት መጠየቅ አለበት፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ ከእራት በኋላ የሚመጣ ክርክር ለማንም አይጠቅምም። ትልልቁ ዓሣ ውድ ነው፤ ሰርዲንና እርሱን የመሳሰሉት ትንንሾቹ ግን ለተማሪ ዋጋ ይስማማሉ፤ ጣዕማቸውም አያንስም። በበረዶ ደርቆ የቈየ ዓሣ ወይም ሥጋ እንደ ሆነ በምግቡ ዝርዝር ላይ ምልክት እንዲደረግበት የአገሩ ሕግ ያዛል፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ኮከብ ነው። የቤት ወይን ጠጅም በኪሎና በግማሽ ኪሎ ይታዘዛል፤ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው በቂ ነው።

ዳቦው ሳይታዘዝ ይመጣል፤ ትንሽ ዋጋም ይታሰብበታል፤ ይህ ማታለል አይደለም። በመጨረሻ ግን ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ከትንሽ ጠርሙስ ራኪ ጋራ ይቀርባል፤ ይህ «ኬራስማ» የተባለ የቤቱ ግብዣ ስለ ሆነ አይከፈልበትም። አረቄ የማይጠጣ ሰው ጽዋውን አንሥቶ አመስግኖ ቢያስቀምጠው ይበቃል። ሒሳቡ ሲከፈል ደረሰኝ መቀበል ይገባል፤ ደረሰኝ ያልተሰጠው ደንበኛ የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለአሳላፊው ጥቂት ሳንቲም መተው ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

መልካሙን ቤት የሚያመለክቱት ነገሮች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። የምግቡ ዝርዝር አጭር ነው፤ የዛሬው ምግብ ብዙ ጊዜ በእጅ ተጽፏል ወይም በቃል ይነገራል። በጠረጴዛው ዙሪያ የአገሩ ሰዎች አሉ። ዘይቱ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ «የራሳችን ነው» ወይም «የአጐቴ ነው» ይባላል። አንድ ነገር «ዛሬ አልቋል» ሲባል የሚሰማበት ቤትም ሊመሰገን ይገባል፤ ሁልጊዜ ሁሉ ነገር የሚገኝበት ወጥ ቤት ከማቀዝቀዣ የሚያወጣ ነውና። በባሕር ዳር ያሉት ብዙዎቹ ከኖቬምበር እስከ ፋሲካ ገደማ ይዘጋሉ፤ የመንደሩ ሰው የሚበላባቸው ግን ክረምቱንም ክፍት ናቸው። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ እንግዳ ዕድለኛ ነው፤ የተከፈተው ሁሉ ለአገሩ ሰው የተከፈተ ነው።

የእንግዳው ድርሻ

ከላይ እንዳየነው የቀርጤስ ማእድ በችግር ተወልዶ በጥናት ከበረ። አሁን የሚያሰጋው ችግርም ሆነ የባዕድ ገዢ ሳይሆን ምቾትና ችኮላ ነው። የመንደሩ ልጅ ወደ ባሕር ዳር ሆቴል ሥራ ይወርዳል፤ ቅጠሉን ከሜዳ የምትለቅመው አሮጊት ዕውቀቷን የሚረከባት ታጣለች፤ የወደቡ ታቬርና ደግሞ እንግዳው የሚጠይቀውን የተጠበሰ ድንች ብቻ ማቅረብ ይቀለዋል። በዚህም ጥፋቱ የባለ ታቬርናው ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ የሚያቀርበው የሚፈለገውን ነው። አንድ እንግዳ በአንዲት የተራራ መንደር ተቀምጦ የምስር ወጥና የዱር ቅጠል ባዘዘ ጊዜ ለዚያች አሮጊት ሥራ፣ ለልጇም በመንደሩ የሚቀርበት ምክንያት ሰጠ ማለት ነው። ሒሳቡ ጥቂት ዩሮ ቢሆንም ፍሬው ከዚያ ይበልጣል።

ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ አንድ ነገር ጨምረው እንዲይዙ እንወዳለን። የቀርጤስ ሰው የገብስ ዳቦውንና ክኩን የድኽነት ምልክት ነው ብሎ ባፈረበት ጊዜ፣ የሌላ አገር ሊቃውንት መጥተው መዝገብ አስገቡት። አሁን ልጆቹ ያንኑ ምግብ ከመጽሐፍ ላይ እያነበቡ ሊማሩት ነው። የራሱን ድስት ከመናቁ በፊት ምን እንዳለበት መመርመር የማንም አገር ወጣት ሥራ ነው። ወደ ቀርጤስ የሚሄድ ሁሉ እንግዲህ ሰሌዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ይግባ፤ «ዛሬ ምን አበሰላችሁ?» ብሎም ይጠይቅ፤ ከድስቱ የሚወጣውንም በልቶ ይመስክር።